አራተኛው ቤዝ ጊታሬ የቱ ይሁን? አሮጌ ልግዛ፣ ፍሬት አልባ ወይስ አጭሩን?

ባለ ሦስት ቤዝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ቤዝ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የመሰብሰቡ ፍቅር ግን ዘግይቶ፣ ሁለተኛውን መሣሪያ ከገዛሁ በኋላ የመጣ ነው። አሁን ሦስት አሉኝ። ለአራተኛው የሚሆን ገንዘብ ስላጠራቀምኩ፣ ከመግዛቴ በፊት ከእኔ የበለጠ ያያችሁና የሰማችሁ ሰዎች የምትሉትን ለመስማት ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ሜክሲኮ የተሠራ ፌንደር ፕሪሲዥን ነው፤ ሁለተኛው ጃዝ ቤዝ የሚባለው የፌንደር ሞዴል ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በውስጡ በባትሪ የሚሠራ ቅድመ ማጉያ ያለው ባለ አምስት ክር ሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ ነው። ሰዎች «ሦስቱም ያው ቤዝ አይደሉም ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ አንዱን እያስቀመጥኩ ሌላውን እያነሣሁ ያንኑ መስመር መጫወት ነው። አንድ የቺክቺካ መስመር በፕሪሲዥኑ ስጫወተው ድምፁ ወፍራምና አጭር ሆኖ ከድራሙ የእግር ምት ጋር ይጣበቃል። በጃዝ ቤዙ ስጫወተው፣ ሁለቱን የድምፅ ማዞሪያዎች እኩል ከከፈትኳቸው መሐሉ ለስለስ ይላል፤ የአንገት በኩሉን ጥቂት ዝቅ ሳደርገው ግን ክሮቹ ከሚታሰሩበት ከብሪጁ አጠገብ ያለው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ፣ ብቅ ይልና እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ፣ ጥርት ብሎ ይወጣል። የስቲንግሬዩ አምስተኛ ክር፣ ማለትም ወደ 31 ኸርዝ የሚወርደው ዝቅተኛው ቢ፣ ከጆሮ ይልቅ በእግር ሥር በወለሉ በኩል ይሰማል። ይህን ልዩነት በሰማሁ ቁጥር የሚሰማኝ ደስታ እስካሁን አልቀነሰም።

ደስታው በድምፅ ብቻም አያበቃም። የመሣሪያዎቹን ታሪክ ማወቅ፣ በየትኛው ዓመት ምን እንደ ተለወጠ መከታተልና ያንን ለውጥ በእጅ መዳሰስ ራሱን የቻለ እርካታ አለው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን ከተማ ያወጣው የመጀመሪያው ፕሪሲዥን አንድ ነጠላ ፒክአፕ ብቻ ነበረው፤ በ1957 ግን ፒክአፑ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለቱ ግማሾች አንዱ የሌላውን የኤሌክትሪክ ዝዝታ እንዲሰርዙ ተደረገ። እኔ ስጫወት አውራ ጣቴን የማሳርፈው በዚያው ለሁለት በተከፈለው ፒክአፕ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከተሠራ ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ መፍትሔ ዛሬም ሳይለወጥ ጣቴ ሥር መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ያመነታሁት በሦስት ነገሮች መካከል ነው። አንደኛው እንደምንም አብቃቅቼ በ1960ዎቹ ወይም በ1970ዎቹ የተሠራ አሮጌ ፌንደር መግዛት ነው። ሁለተኛው ፍሬት አልባ ቤዝ፣ ማለትም ኖታዎቹን የሚለዩት ቀጫጭን ብረቶች አንገቱ ላይ የሌሉበት ነው። ሦስተኛው የክሩ ርዝመት 30 ኢንች የሆነ፣ እንደ ሆፍነር ያለ አጭር ቤዝ ነው። ያሉኝ ሦስቱ የማይሰጡኝን ነገር የሚሰጠኝ የትኛው ይመስላችኋል? ያገለገለ መሣሪያ በአካል ሄጄ ሳይስ ምን ምን ልመልከት? ለምትሰጡኝ ምክር ሁሉ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።


የድሮ ባንድ አድማጭ፣ አዲስ አበባ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በደስታ ነው ያነበብኩት። መሣሪያ ገዝቶ የራስ ማድረግ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የእኔ ትውልድ ያውቀዋል። በአዲስ አበባ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ባንዶች በሚጫወቱበት በዚያ ዘመን ብዙው ሙዚቀኛ በእጁ የያዘው መሣሪያ የራሱ አልነበረም፤ የቤቱ ባለቤት ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ሥራ ሲለቅ መሣሪያውንም ትቶ ይወጣል። ዋልያስ ባንድ በራሱ መሣሪያ መሥራቱ ያኔ ትልቅ ነገር ሆኖ የታየው ለዚህ ነው፤ የራሱ መሣሪያ ያለው ባንድ የት እንደሚጫወትና ከማን ጋር እንደሚዋዋል ራሱ ይወስናል። የዋልያሱን መላከ ገብሬን ወይም የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ሲሰሙ፣ ቤዙ ከኋላ ተደብቆ የሚከተል ሳይሆን ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄድ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ እርስዎ ሦስት ቤዝ በራስዎ ገንዘብ ገዝተው ቤትዎ ማኖርዎን እንደ ቅንጦት አልቆጥረውም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አሮጌ ፌንደር ለመግዛት ቢያንስ አሁን እንዳይቸኩሉ እመክራለሁ። የዋጋው ልዩነት ከድምፁ ልዩነት እጅግ ይበልጣል። ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው ኩባንያ ፌንደርን እ.ኤ.አ. በ1965 በ13 ሚሊዮን ዶላር ከመግዛቱ በፊት ለተሠሩ ቤዞች ሰብሳቢዎች ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ሊከፍሉ ይችላሉ። ከዚያ ዋጋ ውስጥ ትልቁ ክፍል የሚከፈለው ለዕድሜው፣ ለብርቅነቱና ለታሪኩ ነው። ታሪክን መውደድ ምንም ነውር የለበትም፤ እኔም እወደዋለሁ። እርስዎ የጠየቁት ግን ያሉኝ የማይሰጡኝን ድምፅ የሚሰጠኝ የቱ ነው ብለው ነው፤ አንድ ጥሩ ፕሪሲዥን ደግሞ አለዎት።

ለዚያ ለፕሪሲዥንዎ አንድ ነገር ያድርጉለት። ላዩ ለስላሳ የሆነውን፣ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመውን ፍላትዋውንድ ክር ይግጠሙለትና ከብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ቀጭን ስፖንጅ ያስገቡ። በዲትሮይቱ ሞታውን ስቱዲዮ ከተቀረጹት ዘፈኖች አብዛኞቹን የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን ድምፁን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ 1962 ላይ የተሠራ አንድ ፕሪሲዥን፣ ላ ቤላ የሚባሉ ወፋፍራም ፍላትዋውንድ ክሮች፣ ከክሮቹ ሥር ስፖንጅና አንድ አመልካች ጣት። ክሩን ካልተበጠሰ በቀር አይቀይረውም ነበር ይባላል። ኖታው ተመትቶ ወዲያው ይሞታል፤ ነገር ግን በሚቆይባት በዚያች ጊዜ ሙሉና ክብ ድምፅ አለው። የድሮ የእኛን ዘፈኖች ሲያጅቡበት የሚያገኙት ድምፅ አሁን ካለዎት ከየትኛውም ጋር አይመሳሰልም፤ የሚያወጡትም የአንድ ክር ስብስብ ዋጋ ብቻ ነው።


ጠጋኙ፣ አሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጊታር ጥገና ሥራዬ ስለሆነ፣ መሣሪያ ለማየት ሲሄዱ ምን ይመልከቱ ለሚለው ጥያቄ ሰፋ አድርጌ መልስ ልስጥ።

ከሁሉ በፊት አንገቱን ይመልከቱ። የቤዝ አራት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንድነት ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል አንገቱን ወደ ፊት ይስቡታል፤ ያን ኃይል የሚቋቋመው እንጨቱና በውስጡ ያለው ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ ነው። መሣሪያውን በትክክል ቃኝተው፣ ወፍራሙን ክር በግራ እጅዎ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ እጅዎ ደግሞ በመጨረሻው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ይጫኑት። ክሩ ያኔ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል የአንድ ስም ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ካለ አንገቱ ጤነኛ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ትረስ ሮዱ መስተካከል አለበት ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ዘንጉ እስከ መጨረሻው ተጠብቆ አንገቱ አሁንም ተጎብጦ ሲገኝ ነው። እንዲህ ያለውን በማንኛውም ዋጋ አይግዙት። ከአንገቱ ራስ በኩል ሆነው በአንድ ዓይን በሁለቱም ጠርዞች ላይ ቁልቁል ያስተውሉ፤ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ጋር ትይዩ ካልሄደ እንጨቱ ተጣሟል፤ መጣመምን ትረስ ሮድ አያስተካክለውም።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ቀስ ብለው ይምቱ። ዝዝ የሚል ድምፅ የሚሰማበትን ቦታ በአእምሮዎ ይያዙ። (በገና ላይ እንዝራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ሆን ተብሎ ያን ዝዝታ እንዲፈጥር ይደረጋል፤ ቤዝ ላይ ግን ዝዝታው የተበላ ወይም የተነሣ ፍሬት ምልክት ነው።) ማዞሪያዎቹን ሁሉ ወዲያና ወዲህ ያሽከርክሩ፤ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከአቧራ የመጣ ከሆነ በማጽጃ ይጠፋል። በመጨረሻም መሣሪያውን አንግተው ቆመው እጅዎን ይልቀቁት። የአንገቱ ራስ ወደ መሬት የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ በግራ እጅዎ ሊሸከሙት ነውና አስቡበት።

አሮጌ ፌንደር ከሆነ የሚያዩት፣ በባለቤቱ ፈቃድ በካቻቢቴ የፊት ሽፋኑን ያስነሡ። የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎቹ ጀርባ ላይ የተመቱ ቁጥሮች አሉ። ለምሳሌ 1376620 የሚል ቢያገኙ፣ 137 የሚያመለክተው ሲ.ቲ.ኤስ. የተባለውን አምራች ሲሆን፣ 66 ዓመቱን፣ 20 ደግሞ ሳምንቱን ይነግሩዎታል፤ 304 ብሎ የሚጀምር ከሆነ አምራቹ ስታክፖል ነው። ማዞሪያው ከጊታሩ ጥቂት ወራት ሊቀድም ይችላል፤ ሻጩ የ1964 ነው ያለው ጊታር ላይ የ1966 ማዞሪያ ከተገኘ ግን፣ ወይ ዕቃው ተቀይሯል ወይ የተባለው ዓመት ትክክል አይደለም። ብየዳው የሚያበራና ንጹሕ ከሆነ በቅርብ ጊዜ የተነካ ነው። አንገቱ ተፈትቶ ሲወጣ በተረከዙ ላይ በእርሳስ ወይም በማኅተም የተጻፈ ቀን ብዙ ጊዜ ይገኛል። በመጨረሻም ቀለሙ፤ የመጀመሪያ ቀለሙ ተፍቆ እንደገና የተቀባ አሮጌ ጊታር፣ ቅቡ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል። ለሰብሳቢ ይህ ጉዳት ነው፤ ለሚጫወትበት ሰው ግን እውነተኛ አሮጌ መሣሪያ በሚችለው ዋጋ የሚያገኝበት ዕድል ነው፤ እኔ ደንበኞቼን ብዙ ጊዜ የምመክረው ይህን ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ፌንደር ስኳየር የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን ሥራ ላይ ሲያውል፣ ማትሱሞቶ ከተማ የሚገኘው ፉጂጄን ፋብሪካ የድሮዎቹን ፌንደሮች ቅርጽና ልክ በከፍተኛ ጥንቃቄ እየተከተለ ነበር የሠራቸው። በመለያ ቁጥራቸው መጀመሪያ ላይ ጄ እና ቪ የሚሉ ፊደላት ያሉባቸውን ከነዚህ ቤዞች መካከል በእጄ ያለፉት ሁሉ አንገታቸው ልክ እንደ ሆነ ነው ያገኘኋቸው። ዕድሜም አላቸው፤ ታሪክም አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ከድሮ አሜሪካ ሠራሽ ፌንደር ጋር ጨርሶ አይወዳደርም።


የማሲንቆ ወዳጅ፣ ስቶክሆልም፦

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ሁሉ አከብራለሁ፤ ለእርስዎ የሚሻለው ግን ያለ ጥርጥር ፍሬት አልባው ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴንም ላስረዳ።

ፍሬት ያለው ቤዝ ኖታውን አስቀድሞ ወስኖ ያስቀምጥልዎታል። ጣትዎ በሁለት ፍሬቶች መካከል የትም ቢያርፍ የሚወጣው ድምፅ አንድ ነው። በማሲንቆ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ አንዷ ክር ላይ ተጫዋቹ ጣቱን የሚያሳርፍበትን ቦታ የሚመራው ጆሮው ነው፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድም መሐል ያለውን ሁሉ እያስነካ መንሸራተት ይችላል። ትዝታ ሲዘፈን ድምፃዊው አንዲቱን ቃል ሳያቋርጥ ሲያንቀጠቅጣትና ሲያወርዳት፣ ፍሬት ያለው ቤዝ ከሥሩ ደረጃ በደረጃ ነው የሚከተለው። ፍሬት አልባው ግን አብሮት ይወርዳል። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ልዩነቱ የበለጠ ይሰማል፤ ባህላዊ ተጫዋቾች ከፒያኖ ድምፆች ትንሽ ፈንጠር አድርገው የሚያወጧቸውን ድምፆች በፍሬት አልባ ቤዝ ሄደው ሊያገኟቸው ይችላሉ። በሦስቱ ቤዞችዎ የማይገኘው ነገር ይህ ነው።

ድምፁም ራሱ የተለየ ነው። ክሩ ከብረት ፍሬት ይልቅ በቀጥታ በእንጨቱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ኖታው ሲጀምር ለስለስ ብሎ ከቆየ በኋላ ያብባል፤ ጣትን ወዲህና ወዲያ በቀስታ ማንቀሳቀስም ኖታውን ሕያው ያደርገዋል። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሬቶቹ የወጡለትን የ1962 ጃዝ ቤዙን የጣት ሰሌዳ፣ እንጨቱ በክሩ እንዳይበላ፣ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ሸፍኖት ነበር። ያ ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠፍቶ ሃያ ዓመት ያህል ሳይገኝ ቆየ፤ ከተገኘ በኋላም ወደ ቤተሰቡ እንዲመለስ የሜታሊካው ቤዝ ተጫዋች ሮበርት ትሩሂዮ ነው ገንዘብ የከፈለው። አንድ ሙዚቀኛ ለሌላ ሙዚቀኛ መሣሪያ እንዲህ ማድረጉ፣ ይህን ፍቅር ለማያውቅ ሰው ሊገባው የሚከብድ ይመስለኛል።

ሲገዙ ፍሬት በነበረበት ቦታ ቀጭን መስመር የተሰመረበትን ይምረጡ። አንዳንዶች መስመሩን እንደ ድክመት ያዩታል፤ እኔ አልስማማም። ጨለም ባለ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ድራም እየጮኸ ኖታን በትክክል ማግኘት ለሚፈልግ ሰው መስመሩ ይረዳዋል። ጣት የሚያርፈው ግን ከመስመሩ ኋላ ሳይሆን ልክ በመስመሩ ላይ መሆኑን ያስታውሱ። የጣት ሰሌዳው ዞጲ ከሆነ ጠንካራ ስለሆነ ክር ቶሎ አይበላውም፤ ሮዝውድ የሚባለው እንጨት ከሆነ ጋሼ ከላይ የመከሩዎትን ፍላትዋውንድ ክር ይግጠሙበት።


አንድ ቤዝ ያላት፣ አዲስ አበባ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ፤ በተለይ የጠጋኙን ጽሑፍ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። እኔ ተማሪ ነኝ፤ ያለኝም አንድ ቤዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስለ አራተኛው ምክር ልሰጥ አልችልም። ስለ አጭሩ ቤዝ ግን የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም የእኔው አጭር ነው።

በተለመደው 34 እና በአጭሩ 30 ኢንች መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ግን ጣቶች የሚዘረጉበት ርቀት በግልጽ ይቀንሳል፤ ለረጅም ሰዓት ለሚለማመድ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ክሩ ላላ ስለሚል ድምፁ ይወፍራል፤ ከላይኛው ኖታዎች ላይ ደግሞ እንደ መዝፈን ይላል። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ የገዛው የቫዮሊን ቅርጽ ያለው ሆፍነር 30 ኢንች ነበር፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነም በጣም ቀላል ነው። ያ መሣሪያ በ1972 ተሰርቆ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ወደ ባለቤቱ መመለሱ በ2024 ተነግሯል። ዜናውን ያነበብኩ ዕለት ቤዜን አውጥቼ በደንብ ወለወልኩት።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ ያገለገለ ጃዝ ቤዝ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶልኛል። በአውሮፕላን ሲመጣ ምን ይደረግለት? አዲስ አበባ ሲደርስስ ደረቁ አየር አይጎዳውም ወይ?


ባለ ሦስት ቤዝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማሲንቆውን ነገር ያነሡልኝ ወንድሜ፣ ስለ ትዝታው የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ሌላውን ማሰብ አልቻልኩም፤ መስመር የተሰመረበት፣ ያገለገለ ፍሬት አልባ ጃዝ ቤዝ መፈለግ ጀምሬአለሁ። ጋሼ፣ ፍላትዋውንዱንም ገዝቼ በፕሪሲዥኑ ላይ ገጥሜዋለሁ፤ ስፖንጁንም አስገብቻለሁ። ትናንት ማታ የመሐሙድ አሕመድን የድሮ ዘፈኖች ከፍቼ አብሬ ስጫወት አምሽቻለሁ፤ ድምፁ ለካ እዚያው እቤቴ ነበር። አሮጌውን ፌንደር ጨርሶ አልተውኩትም፤ ለአምስተኛው አቆይቼዋለሁ፤ ያን ጊዜም ቀለሙ የተቀየረውን እፈልጋለሁ።

እኅቴ፣ እኔም ሜሪላንድ ስለሆንኩ፣ የአክስትሽ ልጅ የሚገዛውን ቤዝ የሚያይለት ሰው ከፈለገ አብሬው ሄጄ አንገቱን ብመለከትለት ደስ ይለኛል።


ጠጋኙ፣ አሌክሳንድሪያ፦

እኅታችን ለጠየቀችው። በጠንካራ ኬዝ ይምጣ፤ የአንገቱ ራስ ባዶ ቦታ ላይ እንዳይንጠለጠል በሥሩና በግራ ቀኙ ጨርቅ ይጠቅጠቅበት፤ ኬዙ ሲወድቅ አንገት የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ክሮቹን አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ያህል ማላላት ይበቃል፤ ጨርሶ መፍታት አያስፈልግም።

ከድንበር ጋር በተያያዘ፣ የጣት ሰሌዳው የብራዚል ሮዝውድ የሆነ የ1960ዎቹ መጀመሪያ መሣሪያ ካልሆነ በቀር የሚያሳስብ ነገር የለም። የብራዚል ሮዝውድ ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ከሁሉ ጥብቅ በሆነው መዝገብ ውስጥ ስላለ፣ ድንበር አቋርጦ ለመሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶችም በ2017 ቁጥጥር ውስጥ ገብተው የነበረ ቢሆንም፣ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች በ2019 መገባደጃ ነፃ ተደርገዋል። ተራ ያገለገለ ጃዝ ቤዝ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ሲደርስሽ ኬዙን ወዲያው አትክፈቺው፤ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስማማ ድረስ ለጥቂት ሰዓት ተዘግቶ ይቆይ። ከዚያ ቃኝተሽ ለአንድ ሳምንት ያህል ተጫወችበት፤ እንጨቱ አየሩን ሲለምድ አንገቱ ትንሽ መንቀሳቀሱ ስለማይቀር፣ ትረስ ሮዱን ከዚያ በፊት መንካት አያስፈልግም። ከሳምንቱ በኋላ ከላይ እንደ ጻፍኩት ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነሽ ክፍተቱን እዪ። ሰፍቶ ካገኘሽው ክሩን በጥቂቱ አላልተሽ ቁልፉን ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ብቻ አዙሪ፤ መልሰሽ ቃኚና እስከ ማግስቱ ድረስ ጠብቂው። በበጋው ወራት ኬዙ ውስጥ እርጥበት ሰጪ ከረጢት ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ክረምት ሲገባ አውጪው፤ ክፍተቱንም ያኔ እንደገና መለካት ይኖርብሻል።